«መጀመሪያ ተማር» ብዬ የመለስኩት ልጅ

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ፣ ጭጋጉ ገና ከደሴው ጦሳ ተራራ አናት ሳይነሳ፣ አንድ የሰፈራችን ልጅ በጠዋት በራችንን አንኳኳ። ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ ነው። በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ነገር ደረቱ ላይ አቅፏል። ሲፈታው የካሴት ጌም ነው፤ ያ ሁላችንም የምናውቀው፣ ቢጫ ካሴት አናቱ ላይ ተሰክቶ በቀይና በቢጫ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኘው። አዳፕተሩ ጠፍቷል፤ ከሁለቱ ጆይስቲኮች አንዱ ተሰብሯል።

«ጋሼ፣ ይሄን በእጅ የሚያዝ ማድረግ ይቻላል አሉኝ። ስክሪኑም ባትሪውም አብሮት ሆኖ። ከየት ነው የምጀምረው?» አለኝ።

«መጀመሪያ ኤሌክትሮኒክስ ተማር» አልኩት። «ቮልት ምን እንደሆነ፣ አምፔር ምን እንደሆነ አንብብና ከዚያ ትመጣለህ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል።» ልጁ አንገቱን ነቀነቀ፤ አመሰገነኝ፤ ዕቃውን መልሶ ጠቀለለና ዳገቱን ወጣ።

መልሴ ክፉ አልነበረም፤ ያኔ ትክክለኛም መስሎኝ ነበር። ግን ፌስታሉን ሲቋጥር አይቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ ነው የቋጠረው። ቶሎ የማይፈታውን ነገር ሰው እንደዚያ ነው የሚቋጥረው። ለሁለት ሳምንት ያህል፣ ሥራ ላይም ሆኜ፣ ማታ ጋደም ስልም፣ ያቺ ሁለተኛዋ ቋጠሮ ትመጣብኝ ነበር።

አልጋ ሥር ያለው ካርቶን

ለምን እንደዚያ እንደመለስኩለት ለመረዳት ከአልጋዬ ሥር ያለውን ካርቶን ማውጣት ነበረብኝ። ውስጡ ፕሌይስቴሽን 2 አለ፤ ቀጭኑ፣ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ዓይነት። ከሦስት ዓመት በፊት ሸዋ በር አካባቢ ጌም ቤቱን ዘግቶ ወደ ሌላ ሥራ ከገባ ሰው ገዛሁት። በዚያ ሰሞን ቤን ሄክ የሚባለውን አሜሪካዊ ሥራዎች እያየሁ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውን አታሪ 2600 የተባለ የቤት ጌም በ2000 ላይ ቆራርጦ፣ አሳንሶ፣ ስክሪን ገጥሞ በእጅ የሚያዝ አደረገው። ከእሱ በኋላ ስንቱ ተከተለው! የኒንቴንዶን ዊ ሳይቀር ቦርዱን በመጋዝ እየቆረጡ መዳፍ የሚያክል አድርገውታል።

እኔም በአንዴ እነሱ የደረሱበት ልድረስ አልኩ። የፕሌይስቴሽኑን ቦርድ አወጣሁና የጆይስቲክ መሰኪያው ያለበትን ጠርዝ በሴጌቶ ቆረጥኩት። ቦርዱ አንድ ገጽ ብቻ ያለው ነገር ይመስለኝ ነበር። አይደለም። እንደ ተደራረበ እንጀራ ነው፤ በየንብርብሩ መሃል ስስ የመዳብ ገጽ አለ፤ አንዱ ኃይል ያመላልሳል፣ ሌላው መሬት የሚባለው የኃይሉ መመለሻ ነው፣ ሌላው ምልክት ይሸከማል። መጋዝ ሲያልፍበት የተቆረጠው መዳብ ጠርዙ ላይ ይተኛና አንዱን ንብርብር ከሌላው ያነካካዋል። ለዚህ ነው የሚያውቁት ሰዎች ከቆረጡ በኋላ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት የሚፈትጉት፤ ከዚያም ኃይል ከመስጠታቸው በፊት ኤሌክትሪክ በሚለካው ቴስተር የሚፈትሹት። እኔ ሁለቱንም አላደረግኩም። 8.5 ቮልቱን ሰካሁ። ቀይዋ መብራት እንኳ አልበራችም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩትን ለመልቀም እንኳ አልተመለስኩም። ካርቶን ውስጥ ከትቼ አልጋ ሥር ገፋሁት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የብየዳ ካውያዬን ሌላ ሰው ዕቃ ካላመጣልኝ በቀር አልሰካሁትም። ስለዚህ ያ ልጅ በሬ ላይ ቆሞ «ከየት ልጀምር?» ሲለኝ የመለሰለት እውቀቴ አልነበረም። ፍርሃቴ ነው፤ ምሳሌያዊ አነጋገር ለብሶ።

አራቱ ቮልት የት ሄደ?

ቅዳሜ ከሰዓት ካቻቢቴ፣ ቴስተር፣ ሊድ የማቀልጥበትን ካውያ እና አንድ ባለ 9 ቮልት አዳፕተር ይዤ እነሱ ቤት ሄድኩ። አያቱ ቡና እየቆሉ ነበር።

«እንደምን ከረሙ እማማ?»

«አልሐምዱሊላህ። ግባ ልጄ፣ ግባ። ቡና ሲደርስ የሚመጣ ሰው አማቱ ትወደዋለች።»

ልጁ ፌስታሉን አመጣው። ሁለቱም ቋጠሮ እንዳለ ነበር። በጥርሱ ፈታው።

አራት ብሎን ነው የያዘው። ክዳኑ ሲነሳ ልጁ ወደ ውስጥ አየና ወደ እኔ ዞረ። «ይሄ ብቻ ነው?» አለ። እውነቱን ነው፤ ያ ሁሉ ፕላስቲክ ባዶ ነው። ከመዳፍ የማይበልጥ አንድ ቦርድ፣ መሃሉ ላይ እንደ ቀለጠ ሙጫ የደረቀ ጥቁር ጠብታ፣ የካሴቱ መሰኪያ፣ ጥቂት ሽቦ። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ ፋሚኮም የተባለውን ጌም ሲያወጣ በየራሳቸው ቺፕ የነበሩት ክፍሎች ዛሬ በእነዚህ ርካሽ ቅጂዎች ውስጥ ተጠቃለው በዚያች ጥቁር ጠብታ ሥር ተቀብረዋል። ዕቃው ትልቅ የሆነው ትልቅ እንዲመስል ስለተፈለገ ነው። እናሳንሰው ብለን የሄድንበት ነገር ቀድሞውንም ትንሽ ነበር።

ከቦርዱ ጥግ ባለ ሦስት እግር፣ ጀርባው ላይ ብረት ያለው ጥቁር ነገር ቆሟል። ልጁ የስልኩን መብራት አብርቶ ቁጥሩን አነበበ፤ 7805። ስለ እሱ ምንም አልነገርኩትም። ቴስተሩን ሰጠሁትና ጥቁሩን ሽቦ መካከለኛው እግር ላይ፣ ቀዩን መጀመሪያ ግራው፣ ቀጥሎ ቀኙ ላይ እንዲያስነካ ብቻ አሳየሁት።

«ዘጠኝ ነጥብ ሁለት» አለ። ቀዩን አዛወረው። «አምስት።»

ደገመው። እንደገና ዘጠኝ ምናምን፣ እንደገና አምስት። ቴስተሩን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ። «ታዲያ አራቱ የት ሄደ?»

አፌን ከፍቼ ነበር። ገለጻው ምላሴ ላይ ነው፤ ከረንቱን፣ ዋቱን፣ ሁሉንም። በዚያው ቅጽበት እማማ አቦሉን ቀድተው «ጀባ» አሉኝና ስኒውን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ። ስዞር ልጁ ጣቱን ከ7805ቱ ጀርባ፣ ብረቱ ላይ አሳርፏል። ወዲያው ሳበው። «አብሽር የኔ ልጅ፣ ምን ነካህ?» አሉ እማማ ከወዲያ። ልጁ አልሰማቸውም። ጣቱን ያያል፣ ብረቱን ያያል።

«ሙቀት ሆኗል» አለ። ጥያቄ አልነበረም። ትንሽ ቆየና «እንግዲያው ዕቃው የሚበላው አምስቱን ብቻ ነው ማለት ነው። ባትሪ ብናደርግለት ለዚህ ሙቀትም ልንከፍል ነው?» አለ። ከዚያ የሚከተለውን ደግሞ እኔ አላሰብኩትም ነበር፦ «ፓወር ባንክስ የሚያወጣው አምስት አይደለም እንዴ?»

ስኒው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። አንብበህ ና ያልኩትን ነገር ልጁ በአምስት ደቂቃ፣ በአንድ ጣት ተማረው። መማሩ ብቻ አይደለም፤ ከተማረው ተነስቶ የሥራውን መፍትሔ አወጣ። አንድ ዕቃ 300 ሚሊአምፔር ቢስብ፣ አራቱ ቮልት በዚያ ሲባዛ 1.2 ዋት በከንቱ የሚቃጠል ነው፤ ለጌሙ የሚደርሰው ደግሞ 1.5 ዋት። ግማሽ ሊሆን ምንም ያልቀረው ኃይል ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። ይህን ስሌት ወረቀት ላይ የሠራሁለት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያኔ ስሌቱ የጣቱን ጥያቄ የሚመልስለት ነገር ስለነበር በአንዴ ገባው። አስቀድሜ ብሰጠው ኖሮ ለፈተና የሚሸመደድ ቀመር ነበር የሚሆንበት።

ያን ምሽት ስመለስ የጠቀስኩለትን ተረት ደግሜ አሰብኩት። አገራችን ወሎ ጥምጣም የሚከበርበት አገር ነው፤ ቄሱም ሼሁም ይጠመጥማሉ። ተረቱ የሚከለክለው ሳይማሩ ጥምጣሙን፣ ማዕረጉን ማጥለቅ ነው። መጽሐፉን መንካት ግን መች ከለከለ? ደረሳው፣ የቁርአን ተማሪው፣ ሉሁን፣ የሚያነብበትን ጣውላ፣ የሚይዘው ማንበብ ከቻለ በኋላ አይደለም፤ ማንበብ የሚማረው ሉሁን ይዞ ነው። የቆሎ ተማሪውም ፊደሉን በስንጥር እየነካ ነው የሚቆጥረው። እኔ ለልጁ ሉሁን ከልክዬ «ቁርአን ስትጨርስ ና» ነበር ያልኩት።

ለሚጀምር ሰው

ይህን የምጽፈው በደሴም፣ በኮምቦልቻም፣ በወልዲያም እንደዚያ ልጅ ፌስታል ቋጥሮ የተቀመጠ እንዳለ ስለማምን ነው። ስለዚህ ለእሱ ያላልኩትን ለእናንተ ልበል። ከፕሌይስቴሽን አትጀምሩ። ቦርዱ መቆረጥ ከሌለበት ዕቃ ጀምሩ። ኒንቴንዶ 64ን ብትወስዱ አዳፕተሩ 3.3 እና 12 ቮልት ለየብቻ የሚሰጥ ነው፤ ሁለት ዓይነት ኃይል ከባትሪ ማውጣት ይጠይቃችኋል። ዊ ደግሞ ከተቆረጠ በኋላ አራት ዓይነት ቮልቴጅ ይፈልጋል። የካሴት ጌሙ ግን 5 ቮልት ብቻ ይበቃዋል፣ ቦርዱ አይቆረጥም፣ ቢበላሽም ልብ አይሰብርም። የመጀመሪያ ሥራችሁ ብታጡት የማታለቅሱበት ይሁን።

ኃይሉ ልጁ እንዳለው ነው። ቮልቱን ወደ አምስት የሚያወርደውን 7805 በካውያ ነቅላችሁ፣ የፓወር ባንኩን 5 ቮልት ቁጥሩን ፊት ለፊት ስታዩት በቀኝ በነበረው እግር ቀዳዳ፣ መሬቱን በመካከለኛው ታስገባላችሁ። 7805ቱን ሳትነቅሉ በአዳፕተሩ መሰኪያ 5 ቮልት ብትሰጡት አይሠራም፤ አምስት ለማውጣት ሰባት ገደማ መቀበል አለበት። ከመሰካታችሁ በፊት ፕላስና ማይነሱን ሁለት ጊዜ ለኩ፤ 7805ቱ ከተነቀለ በኋላ ያቺን ጥቁር ጠብታ ከስህተት የሚጠብቃት የለም። አንዳንድ ፓወር ባንክ የሚሳበው ኃይል ሲያንስበት ስልኩ የሞላ መስሎት ራሱን ያጠፋል፤ ስክሪኑ ሲጨመር ግን የሚሳበው ስለሚበዛ የእኛ አልጠፋም።

እዚህ ላይ ስለ ባትሪው ጠንከር ብዬ ልናገር። የሊቲየም ባትሪ ይቅር የማይል ነገር ነው። ያበጠ ፓወር ባንክ ቤት አታስገቡ። ባትሪውን ከራሱ ቦርድ አትለዩ፤ ከልክ በላይ እንዳይሞላና እንዳይራገፍ የሚጠብቀው ቦርዱ ነው። ካውያ በቀጥታ ባትሪው ገላ ላይ አታሳርፉ። ሳጥኑን ስትዘጉ የብሎን ጫፍ የማይነካው ቦታ ላይ አስቀምጡት። ከልጁ ጋር ስንሠራ በሌላው ሁሉ እንዲሳሳት ተውኩት፤ በዚህኛው አንድም ጊዜ አልተውኩትም።

ስክሪኑን ያገኘነው ከመኪና ዲኮር ቤት ነው። ወደ ኋላ ለመሄድ ካሜራ የሚታይባት፣ 4.3 ኢንች የሆነች ትንሽ ስክሪን። በቢጫው ገመድ የሚመጣውን የጌሙን ምስል ያለ ምንም መቀየሪያ ትቀበላለች፤ ሁለቱም ያን የድሮ የቪዲዮ ቋንቋ ይናገራሉ። የተሠራችው ለመኪና ባትሪ ስለሆነ 12 ቮልት ትጠይቃለች፤ ስለዚህ ከ5 ወደ 12 ከፍ የምታደርግ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቡስተር መሃል ገባች። ብዙዎቹ ስክሪኖች ውስጥ ገብተው ሲታዩ 12ቱን መልሰው ዝቅ የሚያደርጉ ናቸው፤ በዝቅተኛው ቮልት በቀጥታ መመገብ ይቻላል። ይህ ግን ለሁለተኛው ሥራችሁ ይቆይ።

ጆይስቲኩ የወደድኩት ክፍል ነው። ስምንት ቁልፍ አለው፤ ከእሱ የሚወጣው ሽቦ ግን አምስት ነው። ልጁ ቆጥሮ «ሦስቱ ጎደሉ» አለ። ከአምስቱ ሁለቱ ኃይልና መሬት ናቸው። በቀሩት ሦስት ሽቦዎች ጌሙ በመጀመሪያ «የተጫነውን ያዝ» ይላል፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየቆጠረ ይጠይቃል፤ ጆይስቲኩም በአንዷ ሽቦ ስምንቱንም መልስ ተራ በተራ ይልካል። «እንደ ዳቦ ወረፋ» አለ ልጁ። እኔ ለራሴ ከመጽሐፍ ሳነበው ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ስለዚህ የጆይስቲኩን ቦርድ እንዳለ ወስዳችሁ በአዲሱ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት፤ አምስቷን ሽቦ ብቻ አሳጥሩ።

ሳጥኑስ? የእኛ የራሱ የልጁ የድሮ ምሳ ዕቃ ነው። ለስክሪኑ ቀዳዳ በጋለ ቢላ ቆርጠን በሞረድ አስተካከልነው። አንድ ጎኑ ጠማማ ነው። ሲበራ ድምጹ ላይ ትንሽ እርርር የሚል አለ፤ የመሬቱ ሽቦ ቀጭን ስለሆነ ይመስለኛል። ጠቅላላው አምስት ቅዳሜ ወሰደ፤ ከዚህ ውስጥ አንዱ ሙሉ ቅዳሜ አንድ ያልያዘ ሊድ ስንፈልግ ያለፈ ነው። አሮጌው ፓወር ባንክ ሦስት ሰዓት ገደማ ያጫውታል። ሴጋ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ኖማድ፣ የቤት ጌሙን በእጅ የሚያዝ ያደረገው ያ ትልቅ ኩባንያ፣ ስድስት ባትሪ ድንጋይ እየበላ ከዚያ ብዙም አይርቅም ነበር። ይህን ስነግረው ልጁ ምሳ ዕቃውን ገልብጦ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ስልክ እያለ ለምን?»

ሰው ሁሉ ይህን ይጠይቃል። ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብለን ምሳ ዕቃውን ያየ ጓደኛዬም ጠየቀኝ። እውነት ነው፣ እነዚያ ጌሞች በስልክም ይሠራሉ። ስልክ ላይ ግን አራቱ ቮልት የት እንደሄደ የሚጠይቅ ልጅ አይገኝም፤ ጣት የሚያሳርፍበት ቦታ የለውምና። ልጁ አሁን የቤታቸውን ሬዲዮ ከፍቶ 7805ን ይፈልጋል። ባለፈው የጎረቤት ዲኮደር ሲበላሽ አዳፕተሩን ለክቶ «እሱ ነው የሞተው» ብሎ ነግሯቸዋል፤ ትክክል ነበር። ኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስለሚማሩት ልጆች ይጠይቀኝ ጀምሯል። እኔ ይህ ሁሉ ከጨዋታ በላይ ነው ብዬ አልከራከርም። ጨዋታው ራሱ ይበቃኛል፤ ካሴቱ ሲሰካ እማማ ከጎኑ ተቀምጠው «ዝለል! ዝለል አልኩህ!» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጁ እኔ ቤት መጣ። ስለ ፕሌይስቴሽኑ ነግሬው ነበር፤ ማየት እፈልጋለሁ አለ። ማሳየት ከበደኝ። ካርቶኑን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁና አቧራውን ጠርጌ ቦርዱን ሰጠሁት። ሴጌቶዬ ያለፈበትን ጠርዝ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከዳር እስከ ዳር አየው። ቴስተሩን ድምፅ በሚሰጠው ላይ አድርጎ ሁለቱን ሽቦ ኃይሉና መሬቱ ላይ አስነካ። ጮኸ። ሽቦውን አንስቶ ደግሞ አስነካ፤ እንደገና ጮኸ።

«ጋሼ» አለኝ ቀና ሳይል፣ «ብርጭቆ ወረቀት አለህ?»